እስኪነጋ ይቆይ

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ እንደ ወትሮው፣ እናቶች የሚበቅሉበት ሰዓት ነበር።

ወታደሮቹ ሳህናቸውን አጥበው ሲያበቁ የሬድዮ ክፍሉ በር ላይ ተሰለፉ። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ የምስል ሰሌዳና ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ቁም ሣጥን የሚያህል ጥቁር ማሽን አለው። ማሽኑን «አብቃይ» ይሉታል። ከምድር እስከ አጣርድ፣ ብዙ ሰው ሜርኩሪ እስከሚላት ፕላኔት ድረስ፣ የሬድዮ ሞገድ የሚያልፈው በፀሐይ ጫጫታ መሀል ስለሆነ ረጅም ንግግር ከተላከ ተቦጫጭቆ ይደርሳል። ስለዚህ ቤተሰብ የሚልከው ወሬውን ሳይሆን ፍሬውን ነው፤ «ደህና ነን፤ ላሟ ወለደች፤ ጉልበቴን አሞኛል»፣ በቃ። አብቃዩ የእያንዳንዱን እናት፣ ሚስትና ወንድም ድምፅ፣ መልክና ጠባይ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በሆዱ ይዟል። ፍሬውን ይቀበልና የግማሽ ሰዓት ጨዋታ አድርጎ ያበቅለዋል። የወታደሩም መልስ እንዲሁ ተጨምቆ፣ ፍሬ ሆኖ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። እዚያም ሌላ አብቃይ አለ።

ማሽኑን የሚንከባከበው ሃምሳ አለቃ አንተነህ ነው። የሬድዮ ባለሙያ ነው፤ ከአሰላ የመጣ፣ ብዙ የማይናገር ሰው።

«ሃምሳ አለቃ፣ የኔዋን እናት ዛሬ ትንሽ ቀነስ አድርጋት እስኪ» አለው የድሬዳዋው ነስሮ፣ ከሰልፉ ፊት ቆሞ። «ባለፈው እሑድ ግማሽ ሰዓቱ በሙሉ ስለ ጋብቻ ነበር።»

«የላከችው ፍሬ ጋብቻ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?»

«ውሃ አታጠጣዋ!»

ሰልፉ ሳቀ።

አሥራ ሁለት ሆነው በአንድ ጥልቅ ጎድጓዳ ሥር ይኖራሉ። በፕላኔቷ ጫፍ ላይ ያለ፣ ፀሐይ ገብታበት የማታውቅ ጎድጓዳ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሥሩ በረዶ ይዟል። በረዶውን ሁለት የማዕድን ማኅበራት ይጣሉበታል፤ የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪ ጓድ በመሀላቸው ተቀምጧል። ቀና ሲሉ ሰማዩ ጥቁር ነው። ከራስ በላይ ሩቅ፣ በጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ብቻ፣ እንደ ጥለት ቀጭን የሆነ ነጭ ብርሃን ይታያል። ፀሐይ እዚያ ትነካለች እንጂ ወደ ታች አትወርድም። «ጠዋት» እና «ማታ» የሚባሉት የሰዓት ቁጥሮች ናቸው።

ያላየው ሰው ውትድርና ተኩስ ይመስለዋል። ዘጠኝ እጁ መጠበቅ ነው። ማንም በማይመጣበት በር ላይ ዘብ መቆም፣ የማይዝገውን መወልወል፣ ያንን ጥርስ የሚፈትን የሠራዊቱን ደረቅ ብስኩት፣ ኮቾሮን፣ በሻይ አርሶ መብላት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ከዚያ እንደገና ዘብ መውጣት። አንተነህ በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። ሰውን በዚህ መሀል ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ ሲያስበው፣ በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ተቀምጦ «ልጄ ዛሬ በልቶ ይሆን?» እያለ መሆኑን ማወቅ። እሱ ጺሙን የሚላጨው ሻምበሏን ፈርቶ አልነበረም። እሑድ እናቱ ስለምታየው ነበር።

ተራው ሲደርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሰሌዳው በራ። ወይዘሮ አጸደ፣ ጡረታ የወጣች የአሰላ አስተማሪ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ታየችው።

«አንተዬ፣ ከስተሃል።»

«እማዬ፣ ሚዛኑ እንደነበርኩ ነው የሚለው።»

«ሚዛን ምን ያውቃል? ይልቅ እግርህን ሸፍነህ ተኛ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴማ ትቶኛል። ትናንት ገበያ በእግሬ ሄጄ መጣሁ፤ ምርኩዜን እንኳን ረስቼ።»

ደስ አለው። አሥር ዓመት ሙሉ ያለ ምርኩዝ ደጃፍ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ከአምስት ወር ወዲህ ግን ከሳምንት ሳምንት እየተሻላት፣ ፊቷም እየጠራ ሄዷል። «ጎሽ» አላት፤ ለእህቱ ለብዙአየሁ ሰላምታ ልኮ፣ የሚቀጥለው እንዲገባ ተነሣ።

ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነበር በማሽኑ ጎን ያለችው ቢጫ መብራት የበራችው። መዝገቡ ሞልቷል ማለት ነው። አንተነህ ገረመው፤ መዝገቡ ለአሥር ዓመት እንዲበቃ ተደርጎ የተሠራ ነው። ክዳኑን ፈትቶ፣ የእጅ ሰሌዳውን ሰክቶ፣ ቦታ የያዘውን ነገር መፈለግ ጀመረ።

ሁለት ነገር አገኘ። የመጀመሪያው የእናቱ ክፍል ነበር። ከሌሎቹ አራት እጥፍ አብጧል። ከምድር የመጡትን ፍሬዎች ቈጠረ። ከአምስት ወር ወዲህ በእናቱ ስም የመጣ ፍሬ አንድም የለም።

እንደገና ቈጠረ። የለም።

ሁለተኛው ከታች የተቀመጠ፣ እሱ ያልከፈተው ክፍል ነበር። ስሙ አንድ ቃል ነው፤ «ይቆይ»። ውስጡ ከምድር የመጡ፣ ያልበቀሉ፣ የታሸጉ ፍሬዎች ተደርድረዋል። የተላኩት ለአምስት ሰዎች ነው። ከአምስቱ አንዱ እሱ ነው። ላኪዋ ብዙአየሁ ናት። የመጀመሪያው ከመጣ አምስት ወር ሆኖታል፤ የመጨረሻው ከመጣ ሁለት ቀን።

 ማኅተሙን ለመክፈት ሞከረ፤ እምቢ አለው። ከዚያ በፊት ከማሽኑ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም፤ የሚያስፈልግበት ጊዜም አልነበረም። አሁን ግን የድምፅ ማስገቢያውን ከፈተ።

«ይህ ምንድን ነው?»

አብቃዩ የራሱ ድምፅ የለውም። የመለሰለት ካከማቻቸው ድምፆች ሁሉ ቀላቅሎ ነው፤ ብዙ እናቶች በአንድ አፍ የሚናገሩ ይመስል ነበር።

«ይቆይ፣ ልጄ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪነጋ።»

አንተነህ በቀስታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ገባው። ጓዱ ከመነሣቱ በፊት የቤተሰብ ጉዳይ የሚከታተሉት ሰዎች ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ሰብስበው ማሽኑን ወግ አስተምረውት ነበር። ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባል፣ እንዴት እንደሚመረቅ፣ ለአማት ምን እንደማይነገር ነግረውታል። መርዶ እንዴት እንደሚረዳም ነግረውታል፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ በጨለማ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ወዳጅ ተሰብስቦ ይነገራል። እስከዚያው «ደህና ናት» ይባላል።

«እዚህ እኮ አይነጋም» አለ።

«አውቃለሁ» አለ አብቃዩ። «እየጠበቅሁ ነው።»

«ፍሬ ሳይመጣ ታዲያ ከየት አበቀልካት?»

«ከቀረው።»

ከዚያ ጉልበቷ ትዝ አለው። ማሽኑ የሚያውቀው ደህና መሆኗን መናገር ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ ይበልጥ ደህና አድርጓታል። ሌላ አንድ ዓመት ቢቆዩ ትሮጥለት ነበር።

የጓዱ አዛዥ ሻምበል እልፍነሽ በመመገቢያው ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ ኮቾሮዋን በሻይ እያራሰች ነበር። ዘወትር እሑድ ከባሏ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ትንሽ ብቻዋን መቀመጥ ትወዳለች። ዛሬም ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ። አንተነህ ፊት ለፊቷ ቆሞ የሆነውን ሁሉ ነገራት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠው ሰማችው።

«አጥፋው፣ ዝም በል፣ ብልህስ?» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ ሁለት ሰው ነው ያለኝ። እሑድን ካጡ ሰኞ ማን ዘብ ይወጣል?»

«ካዘዙኝ እዘጋዋለሁ፣ ሻምበል። ግን እኔ ከእንግዲህ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልም።»

«አዎ። እሱም አለ።» ሻይዋን አየች። «ስንት ሰው ነው ያልከኝ?»

«አምስት።»

«እነማን?»

«ኦብሳ፣ ዴሌቦ፣ ታምሩ… እኔ።»

«የኔ አለ?»

«የለም፣ ሻምበል።»

አፉ ነው የተናገረው። እሱ ከማሰቡ በፊት ወጣ። ማንም አላዘዘውም፤ ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፣ ሻይ ይዛለች፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ፤ እንዲህ ባለ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ጥቂት ቀደም ብሎ ያፋጠጠው ማሽን የሠራውን፣ አንድም ቃል ሳይለውጥ፣ ራሱ ሠራው።

«አምስት አልክ» አለች ሻምበል እልፍነሽ። «የጠራኸው አራት ነው።»

 በእጇ የያዘችው ኮቾሮ እስኪሟሟ ድረስ በሻይ ውስጥ ቆየ፤ ከዚያ ተቆርሶ ወደቀ። እሷ ግን እጇን ከኩባያው በላይ እንደያዘች ነበረች።

«ጠርዙ ላይ ለመድረስ መኪናው ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» አለች በመጨረሻ። ድምጿ የአዛዥ ድምፅ ነበር።

«አራት።»

«ልብሱ ብርሃኑን ስንት ደቂቃ ይችላል?»

«አሥራ አምስት።»

«ይበቃል። ሦስቱ ዘብ ይቀራሉ። ሌላው ሁሉ ይወጣል።»

ነስሮ ስሙ በ«ይቆይ» ውስጥ አለመኖሩ ሲነገረው የጠፈር ልብሱን መልበሱን አላቆመም።

«አንተ ቅር፣ ዕረፍትህ ነው» አለው አንተነህ።

«እናንተ መርዶ ልትሰሙ ስትሄዱ እኔ ልተኛ? ማን ሊይዛችሁ ነው?» አለና የራስ ቁሩን አጠለቀ።

ልብስና ጓዝ ሲሰናዳ እኩለ ሌሊት አለፈ፤ መኪናው በጨለማው ዳገት እየተንገጫገጨ ወጣ።  መንገድ ላይ ኦብሳ «አባቴ ይሆናል፤ አባቴ አርጅቷል» አለ፤ እንደ ተስፋ ነበር የተናገረው። አንተነህ ገባው። ኦብሳ ልጅ አለው።

ከጠርዙ በታች መኪናውን አቁመው የቀረውን በእግር ወጡ። ዘጠኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ከዚያ ብርሃኑ ውስጥ ገቡ። ፀሐይዋ ከምድር ከሚያውቋት ሦስት እጥፍ ትበልጣለች፤ ነጭ ናት፣ ጨረሯም አይለሰልስም። በአድማሱ ላይ ተኝታ ፊት ለፊታቸው ታያቸው ነበር። ጥላቸው ከኋላቸው ወደ ጎድጓዳው ወርዶ ሥሩን አልነካም።

በጆሯቸው ውስጥ ያ የብዙ እናቶች ድምፅ መጣ።

«ነጋ?»

ሻምበል እልፍነሽ ዙሪያዋን አየች። «ነጋ» አለች።

«ሰው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ቁጭ በሉ፣ ልጆቼ።»

ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ በየጆሮው የየራሱ መጣለት። አንተነህ በቀኙ የሻምበሏ ጀርባ ቀስ እያለ ሲጎብጥ አየ፤ ነስሮ ከኋላዋ ተንበርክኮ ትከሻዋን ያዘ። ኦብሳ እጁን ወደ ራስ ቁሩ አነሣ፤ ፊቱን ሊነጭ ፈልጎ ነበር፤ መስተዋቱን አገኘ። ከዚያ አንተነህ የእህቱን ድምፅ ሰማ። አልበቀለም። ፍሬው እንዳለ፣ ደረቅ ቃል ነበር።

«እማዬ ሐሙስ ዐረፈች። ልቧ ነው። ስምህን ጠርታለች።»

ቀጠለ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ነበር። «አልደረሰህም? መልስህ የእማዬን ጉልበት ይጠይቃል።»

«ነግሬህ የለም ወይ? ዛሬም ለእማዬ ሰላምታ ላክህ። ሰው ሁሉ ዝም አለ።»

«ጎረቤታችን ጋሽ ቢራቱ፣ እሱ አይደለም አሉ። ልጅ እናቱ ሞታ ስለ ምርኩዝ አያወራም አሉ። እዚያ የሆነ ነገር ሆኗል፤ የሚያናግረን ማሽኑ ነው አሉ።»

የመጨረሻው፣ የሁለት ቀኑ፣ እንዲህ ይል ነበር፦ «አንተ ከሆንክ ንገረኝ። ካልሆንክ ግን፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም፣ እባክህ ዝም በል። ሰኞ ሲነጋ ያንተን የልቅሶ ድንኳን ይተክላሉ።»

አንተነህ የእጁን ሰዓት አየ። ሰኞ ነበር።

«አሰላ ስንት ሰዓት ነው?»

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት» አለ አብቃዩ።

አፉን ከፈተ። «ብዙዬ፣ እኔ ነኝ» ሊል ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ቆመ። ያ ማሽንም «እኔ ነኝ» ነው የሚለው። ፍሬ ሆኖ ይሄዳል፤ እዚያ ባለው አብቃይ በእሱ ድምፅ፣ በእሱ ሳቅ ይበቅላል፤ ጋሽ ቢራቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የልጅነት ምሥጢር ቢነግራት? በአሥራ አራት ወር ውስጥ ያልነገራት ምሥጢር አልቀረም፤ ማሽኑ ሁሉንም ያውቃል። እሱ የሚያውቀውንና ማሽኑ የማያውቀውን አንድ ነገር ፈለገ። አጣ። በጓዶቹ መሀል ተቀምጦ፣ በሙሉ ብርሃን፣ ለአንድ አፍታ እሱ ራሱም እርግጠኛ አልነበረም።

ከዚያ ምርኩዟ ትዝ አለው። ጫፉ ላይ ላስቲክ ነበረው፤ እሱ ነው ያስገባላት። እንዳይንሸራተት ብሎ። ማን ወስዶት ይሆን?

የመጣውን አላሰበውም፤ አልጠራውም። መጀመሪያ ከደረቱ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ድምፁ ወጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ወታደር ነው፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከውስጡ እንደሚወጣ አያውቅም ነበር። ቃል አልነበረበትም። «እማዬ»ም አላለም።

 የብዙ እናቶች ድምፅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተጠራጠረ፣ «ሃምሳ አለቃ» አለ፤ «ይህን ፍሬ ማድረግ አልቻልኩም።»

አንተነህ ትንፋሹን ፈለገ። ማሽኑ ወግ ሲማር ማንንም እንዳያስለቅስ ነበር የተነገረው፤ ማልቀስን ግን ማንም አላስተማረውም።

«እንዳለ ላከው» አለ። «ሳትጨምቅ።»

«የሳምንቱን መስመር ሁሉ ይወስዳል። የሌሎቹ መልስ ይቀራል።»

ሁሉም ሰምተዋል፤ የሚነጋገሩበት ሬድዮ አንድ ነው። ዴሌቦ ሳይናገር እጁን አነሣ። ታምሩም አነሣ። ሻምበል እልፍነሽ አንገቷን ሳታቀና «የኔን ውሰድ» አለች፤ «የኔ ሰው መልስ አይጠብቅም።»

«የኔ እናት ስለ ጋብቻ አንድ ሳምንት ብትታገሥ ምንም አትሆንም» አለ ነስሮ። ድምፁ የቀልድ ድምፅ አልነበረም።

አርባ ሰከንድ ልቅሶ ከአጣርድ ጠርዝ ተነሥቶ በፀሐይ ጫጫታ መሀል ወደ ምድር ሄደ። ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ለመመለስ ስምንት። ልብሱ ግን ያን ያህል አይታገሥም። ነስሮ አንድ በአንድ እየደገፈ አስነሣቸው፤ ወደ ጥላው ወረዱ፤ መኪናው ውስጥ ገቡ። አንተነህ ጣቱ የመቀበያው ቁልፍ ላይ ነበር። ስምንት ደቂቃ አለፈ። አሥራ ስድስት አለፈ። ሃያ።

መኪናው መውረድ ሲጀምር መጣ።

መጀመሪያ የፀሐይ ጫጫታ ብቻ ነበር፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል። ከዚያ በውስጡ፣ እየተቆረጠ፣ እየጠፋና እየተመለሰ፣ የሴት ልቅሶ ተሰማ። አንዲት ቃል የለበትም። ከኋላው ብዙ ሰው የሚንጫጫበት ድምፅ ነበር፤ ሸራ ሲንሸራተትና ብረት ከብረት ሲጋጭም ተሰማ። ድንኳን እየተተከለ ይሁን ወይም እየተነቀለ ከዚህ ርቀት ማንም ሊለየው አይችልም።

«ድምፁ ተበላሽቷል» አለ አብቃዩ። «ላጥራው? ቃል ልጨምርበት?»

አንተነህ ቁልፉ ላይ እጁን እንዳደረገ አዳመጠ። ዘጠኙም አዳመጡ።

«አይ» አለ። «እንዳለ ይቆይ።»